ቀጭን ስልክ ከቆሼ ሲታይ

ረመዳን ሲገባ እኛ ቆሼ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ሳናስበው የቴክኖሎጂ ተንታኞች እንሆናለን። ነገሩ ወደን አይደለም። ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለችው ሰዓት አትገፋም። ስለ ምግብ ማውራት ራስን መቅጣት ነው፤ ሰው ማማት ጾሙን ያበላሻል፤ ከባድ ሥራ ለመጀመር ደግሞ አቅም የለም። የቀረው ስልክ አውጥቶ ስለ ስልክ ማንበብ ነው። 11 ሰዓት ላይ እኛም ስልካችንም እኩል 5 በመቶ ላይ እንደርሳለን። ልዩነቱ እሱ ወዲያው ቻርጅ ይደረጋል፤ እኛ እስከ 12 ሰዓት ከ37 እንጠብቃለን።

ለነገሩ ሰዓቱ ራሱ ክርክር አለበት። የአዛን መተግበሪያው 18፡37 ሲል እናቶቻችን «እንዲህ የሚባል ሰዓት ደግሞ ከየት መጣ?» ይላሉ። ቦታው ሳይስተካከል በመካ ሰዓት የተሞላ ስልክ ካለ ደግሞ በእነዚህ ሳምንታት ከአዲስ አበባ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ አዛን ያሰማል። ተምሩን አፉ ጋ ያደረሰ ልጅ «ኧረ የሰፈሩ መስጊድ ገና አላለም!» ተብሎ እጁ አየር ላይ ሲቀር ማየት የየዓመቱ ትርኢታችን ነው። በዚህ ጉዳይ አቋማችን የታወቀ ነው። ሙአዚኑ ባትሪ አያልቅበትም።

ታዲያ በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ካነበብነው ወሬ ውስጥ ሳንነጋገርበት ማለፍ ያልቻልነው አለ። የረመዳን ዋዜማ በቴክኖሎጂው መንደር የለቅሶ ቀን ነበር። ጾማችን ቅዳሜ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊጀመር፣ በዋዜማው ዓርብ ሁለት መርዶ ተከታትሎ ተሰማ። አንደኛው የስካይፕ ነው። ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ሚያዝያ 27 ቀን እዘጋዋለሁ አለ። (የድል ቀናችንን ለመዝጊያ የመረጠው አውቆ ነው ብለን አናምንም።) ስካይፕ በ1995 ዓ.ም. ክረምት የተወለደ ነው። ሪያድና ዱባይ ያሉ እህቶቻችንን ፊት ኢንተርኔት ቤት ተቀምጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በእሱ ነበር። ግማሹ ወሬ «ትሰሚኛለሽ?» ነበር፤ ሌላው ግማሽ «አንቺ ትታይኛለሽ፣ እኔስ እታያለሁ?» ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ የከፈልንበት ሰዓት ያልቃል። በኋላ ኢሞ መጣ፣ ቴሌግራም መጣ፣ ስካይፕን እንደ ድሮ ጎረቤት ረሳነው። መዘጋቱን ስንሰማም የመጀመሪያው ጥያቄያችን «እንዴ! እስከ ዛሬ ነበረ?» የሚል ሆነ። ደግነቱ ስካይፕ ሬሳ የለውም። መተግበሪያ ስለሆነ ቢጠፋም ቦታ አይዝም፣ መኪናም አይጭነውም።

ሁለተኛው ግን ሬሳ አለው። ሂውሜን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ኤአይ ፒን» የሚል ዕቃ ሠርቶ ነበር። ልብስ ላይ እንደ ጌጥ ይሰካል፤ ሲጠይቁት በድምፅ ይመልሳል፤ መዳፍ ሲዘረጉለት ጽሑፉን በብርሃን ያሳያል። ስልክን ያስቀራል ተባለለት። ዋጋው 699 ዶላር ሆኖ በላዩ ላይ የወር ክፍያ ነበረው። ገበያ ላይ የወጣው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ኩባንያው የሚሸጥ የሚሸጠውን ለኤችፒ ሸጦ፣ በዚያው ዓርብ ዕቃው ከማዕከሉ ጋር ያለውን ግንኙነት አቋረጠ። እኛ የመጀመሪያውን ተራዊሕ ሰግደን ለሱሑር በጊዜ ለመተኛት በምንጣጣርበት ሌሊት፣ አሜሪካ ውስጥ ሰባት መቶ ዶላር የከፈለ ሰው ደረቱ ላይ የቀረለት የኮት ቁልፍ ነው። ኩባንያው ለደንበኞቹ የሰጠው ምክርም ዕቃውን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ውጋጅ መሰብሰቢያ እንዲወስዱት ነበር።

ይህን ስናነብ ሳቅን። ቀጥሎ ደግሞ እርስ በርስ ተያየን። የሌላ ሰፈር ሰው የቴክኖሎጂ ዜና ሲሰማ «ምን አዲስ ነገር ወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰፈር ሰው የሚጠይቀው «ይሄ ደግሞ የት ሊወርድ ነው?» ብሎ ነው። የጭነት መኪናው ማራገፊያ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው ዕቃን የሚያየው ከጀርባው በኩል ነው።

ጾሙ ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ደግሞ ባርሴሎና ላይ ታላቁ የሞባይል ጉባኤ ተከፈተ፤ ከየካቲት 24 እስከ 27 ቆየ። እዚያ ከታዩት ውስጥ ክዳኑ በፀሐይ የሚሞላ የሌኖቮ ላፕቶፕ አለ። ገና ሙከራ ነው። እኛ ግን መብራት ስለሚጠፋብን ብቻ ወደድነው። እኛው ሰፈር በየሱቁ የምናውቀው ቴክኖ ደግሞ 5.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስልክ ይዞ ቀረበ። እሱም ለማሳያ የተሠራ ነው። 5.75 ሚሊ ሜትር ማለት እንግዲህ ከደህና የሽሮ ማንኪያ እጀታ ብዙ አይወፍርም። ኪስ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ፣ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡበት የሚሰበር ዓይነት ነው። ሰዎች ቀጭን ስልክ ለምን እንደሚፈልጉ እስከ አሁን ያስረዳን የለም። ስልክ ወፍሮ የተቸገረ ሰው በሰፈራችን አላየንም። የወፈረው ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ሲታወጅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ከ120 ብር በላይ ሆኖ ነበር።

ከሁሉ ያስቀን የሁዋዌ ተጣጣፊ ስልክ ነው። ሁለት ቦታ ታጥፎ ሦስት ገጽ ይሆናል። ቻይና ውስጥ ሲወጣ 19,999 ዩዋን ተባለለት፤ በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ወደ እኛ ሲመነዘር ከ330 ሺህ ብር በላይ ነበር። ስለ ማጠፍ ደግሞ እኛን ማንም አያስተምረንም። ኮልፌ ውስጥ ያለች አንዲት እናት በረመዳን ከሰዓት በኋላ የምታጥፈው ሳምቡሳ ቢቆጠር ፋብሪካ ያሰኛታል። እሷ እያወራች፣ ልጅ እየተቆጣች፣ ሳታይ ታጥፋለች። ሙያው ደግሞ አንድ ነው። የሳምቡሳው ማጠፊያ ከላላ ዘይት ይጠጣል፣ የስልኩ ማጠፊያ ከላላ አቧራ ይጠጣል። የሳምቡሳው ብልጫ ቢበላሽም ይበላል።

ቀልዱን እዚህ ላይ ገታ አድርገን የምር የሆነውን እንናገር። ስልክ እየቀጠነ የመጣው አንድ ነገር ስለተወ ነው። ይኸውም በጥፍር የሚከፈተውን የጀርባ ክዳን ነው። ድሮ ኖኪያ 1100 የያዘ ሰው (በ1995 ዓ.ም. የወጣው፣ አናቱ ላይ መብራት ያለው፣ በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው) ስልኩ ወድቆ ሦስት ቦታ ቢበታተን አይደነግጥም ነበር። ክዳኑን፣ ባትሪውንና ስልኩን ከየአቅጣጫው ለቅሞ፣ ገጣጥሞ «ሄሎ፣ ተቋረጠ እኮ» ይላል። ባትሪው ሲደክም አዲስ ይገዛል፤ ስልኩ ይቀጥላል። የዛሬው ቀጭን ስልክ ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ላዩ በመስታወት ታሽጎ ይመጣል። ባትሪ ደግሞ ከስልኩ ዕቃዎች ሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ነው። ስለዚህ ገና ብዙ ዓመት የሚኖር ስልክ የሚሞተው ቀድሞ ከሚሞተው ዕቃ ጋር አብሮ ስለተሰፋ ነው ማለት ነው። አውሮፓውያን ይህን አይተው ሕግ አውጥተዋል። ከየካቲት 2019 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያቸው የሚሸጥ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ባትሪው ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ያዛል። እኛም ከዚህ ሕግ ፍርፋሪ እንደሚደርሰን ተስፋ እናደርጋለን። ፋብሪካው ለአውሮፓ አንድ፣ ለኮልፌ ሌላ ካልሠራ በቀር።

ለማያውቁን ስለ ሰፈራችን ጥቂት እንበል። ቆሼ ከአየር ጤናና ከዘነበወርቅ ብዙም አይርቅም፤ በወግ ስሙ ረጲ ይባላል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ እነሆ ስድሳ ዓመት፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ እዚህ ሲወርድ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። በዚያ አካባቢ ነዋሪዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲዘጋ መኪናው ሁሉ ወደ እኛ ተመለሰ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተናደ። ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወርዶ ከ110 በላይ ሰው ወሰደብን፤ ሴቶችና ሕፃናት ይበዙበታል። አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች። እኛ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ተቀምጠን አለቀስን። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 2 የዋለው በ11ኛው የረመዳን ቀን ነበር። ማታ ከኢፍጣር በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት፣ ስልኩም ሳይነሣ ዱዓ ተደርጎ ተለያየን።

ክምሩ በሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በሽታው ነው። እኛ ግን የቴክኖሎጂ ታሪክ መጽሐፍ አድርገንም እናየዋለን። የመሬት ቁፋሮ ባለሙያ መጥቶ ጎኑን ቢሸነሽነው ከሥር የካሴት ክር ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ቪሲዲ፤ ከዚያ በላይ የዲሽ ሪሲቨርና የጠፉ ሪሞቶች፤ ከዚያ ሆዱ የተጎረደ ትልቅ ቴሌቪዥን። ከላይ ከላይ ያለው የኛ ዘመን ነው። ጫፉ የተቆረጠ ቻርጀር፣ ያበጠ ፓወር ባንክ፣ አንድ ጆሮ ብቻ የሆነ ገመድ አልባ ማዳመጫ። ሁለተኛው ጆሮ የት እንደሚቀር አላህ ይወቅ። ቀኝና ግራው አንድ ላይ ተገኝቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ለወገን ክብር መናገር አለብን። ኢትዮጵያዊ ስልክን ቶሎ አይጥልም። አዲሱ ስልክ መጀመሪያ የአባት ነው፣ ከዚያ የእናት፣ ከዚያ የትልቁ ልጅ፣ ከዚያ ስክሪኑ ተሰንጥቆ የሕፃኑ የካርቱን ማያ፣ በመጨረሻ ገጠር ላለ ዘመድ «ለመደወል ያህል» ይላካል። በመሀል ሁለት ሦስቴ ጥገና ቤት ይገባል። ጠጋኙ ስክሪኑን ከአንዱ፣ ድምፅ ማጉያውን ከሌላው ሬሳ አንሥቶ ነፍስ ይዘራበታል። ከዚያም ቆራሌው አለ፣ ልዋጭ አለ፣ ከሁሉ በላይ መርካቶ ምናለሽ ተራ አለ። አውሮፓ ውስጥ ባለሙያ ተሰብስቦ «ዕቃ መልሶ መጠቀም» እያለ የሚጽፍበትን ነገር ምናለሽ ተራ ያለ ጽሑፍ ሲሠራው ኖሯል። ስለዚህ አንድ ስልክ ቆሼ ከደረሰ በእርግጥም ሞቷል።

የሞተው ነገር ግን ባዶ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጃፓኖችን እንጥራ። ክምሩ በእኛ ላይ ከተናደ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው በ2009 ዓ.ም. መጋቢት፣ ጃፓን ውስጥ አሮጌ ስልክ መሰብሰብ ተጀመረ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የሚሰጠውን ሜዳሊያ ሁሉ ሕዝቡ ከሚጥለው ኤሌክትሮኒክስ ሊሠሩ ነው። ሁለት ዓመት ሰበሰቡ። ወደ 79 ሺህ ቶን የሚጠጋ ዕቃ፣ ከዚያ ውስጥ 6.2 ሚሊዮን ያህል ሞባይል ተገኘ። ያ ሁሉ ተፈትቶ፣ ቀልጦ፣ ተጣርቶ 32 ኪሎ ወርቅ፣ 3,500 ኪሎ ብርና 2,200 ኪሎ ነሐስ ወጣው። 5,000 ያህል ሜዳሊያም ተሠራበት። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር አንደኛ ሲወጣ አንገቱ ላይ የጠለቀው የሰው አሮጌ ስልክ ነው። የለሜቻ ግርማ ብር፣ የለተሰንበት ግደይና የጉዳፍ ፀጋይ ነሐስም እንዲሁ። እኛ ያን ቀን በደስታ ስንዘል ይህን አናውቅም ነበር። በኋላ ስናነብ ግን ልጆቻችን ክምሩን በሌላ ዓይን አዩት። «አባ፣ እዚህ ውስጥ ስንት ሜዳሊያ አለ?» ብሎ ለጠየቀን ልጅ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠነውም።

ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነው። ጃፓን ያን ወርቅ ያወጣው በጓንት፣ በጭንብልና በማሽን ነው። እኛ ሰፈር ክምሩ ላይ የሚሠራው ልጅ መሣሪያው ጫፉ የታጠፈ ብረትና ማዳበሪያ ነው። መዳብ ለማውጣት ገመዱን ያቃጥላል፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ እርሳስ አለ፤ ሲሰበር አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። የሁሉም ክፉ ግን የሊቲየም ባትሪው ነው። ሲበሳ፣ ሲጨፈለቅ ወይም ሁለቱ ጫፉ ከብረት ጋር ሲነካካ በድንገት ይነዳል፤ ውኃ ቢያፈሱበት እንኳ በቀላሉ እሺ አይልም። የጭነት መኪናው ደግሞ ሥራው መጨፍለቅ ነው። ጾሙን ይዞ፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ከኢፍጣር በፊት ማዳበሪያውን ለመሙላት የሚጣደፍ ልጅ እዚያ ክምር ላይ አለ። እኛ ቤት ሳምቡሳ በሚጠበስበት ሰዓት እሱ ብረቱን የሚሰነዝረው ምን እንዳለበት ወደማያውቀው ፌስታል ነው።

ከአጠገባችን ትልቅ ጭስ ማውጫ ያለው ሕንፃ አለ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ነው። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ 25፣ 25 ሜጋ ዋት በሚያመነጩ ሁለት ተርባይኖች መብራት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ሲመረቅ እኛ አንድ ቀልድ ነበረችን። የአምናው ስልክህ ተቃጥሎ የዘንድሮውን ስልክህን ቻርጅ ያደርግልሃል እንል ነበር። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ባትሪ ግን ለምድጃ የሚሆን ማገዶ አይደለም። አስቀድሞ መለየት አለበት፤ የሚለየው ደግሞ ምድጃው አፍ ላይ ሳይሆን ከየቤታችን ነው። ሕጉም አለ። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ውጋጅ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ግን «የሞተ ባትሪ እዚህ ይጣል» የሚል አንድ ሣጥን ገና አላየንም። የስልክ ማስታወቂያ ግን ከግድግዳው አልፎ በጃንጥላው ላይ አለ። አንድ ድርጅት ጃንጥላ ካደለን፣ ሣጥን ማደል ያቅተዋል ብለን አናስብም። በረመዳን ስጦታ ለመስጠት ለሚያስቡ ነጋዴዎች ሐሳቡን በነፃ ሰጥተናል።

የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው ዘገባ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውጋጅ እንደጣለች ይናገራል። በባለ 40 ቶን የጭነት መኪና ቢጫን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል መኪና በላይ ነው። የቆሼን የመኪና ሰልፍ ጠዋት ጠዋት የሚያየው ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ለማንኛውም አፍንጫውን ይይዛል። ከዚያ ሁሉ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ የተሠራው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ሀብታሞቹም ቤታቸውን እንዳልጠረጉ እዩት።

እንግዲህ ቴክኖሎጂ ጠላ የሆንን እንዳይመስላችሁ። የምንወደው አለን። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ረመዳን 29 ላይ ውሎ ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ያን ጊዜ «የዒድ ብር በስልክ ይላካል» ሲባል ሕፃናቱ አኮረፉ፤ አዲስ ብር ሲንሿሿ ካልሰሙ ዒድ አይመስላቸውም። ዛሬ ሰደቃውም፣ የገጠር ዘመድ ወጪውም በእሱ ይሄዳል። የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀጭን ስልክ ሳይጠይቅ ነው። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መብራት ባለው አሮጌ ስልክ ብር ይላካል፣ ብር ይቀበላል። በእኛ ሚዛን ያለፉት ዓመታት ትልቁ የቴክኖሎጂ ዜና ይህ ነው። አዲስ ዕቃ ሳያስገዛ፣ ያለውን ዕቃ ዕድሜ አስረዘመ። ባርሴሎና ላይ ግን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ማንም አያጨበጭብም።

ስለዚህ ለዒድ ስልክ ለመግዛት የምታስቡ ቤተሰቦች ሱቅ ስትገቡ ካሜራውን ከጠየቃችሁ በኋላ ሌላም ጠይቁ። ባትሪው ይወጣል? ሰፈር ያለው ጠጋኝ ይከፍተዋል? መለዋወጫው ይገኛል? ሻጩ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ። ሦስት ሰው ከጠየቀው አይስቅም፤ ዐሥር ሰው ከጠየቀው መልሱን አጥንቶ ይጠብቃል።

ሁላችንም ቤት ደግሞ ያቺ መሳቢያ አለች። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር፣ የሞተ ስልክ፣ ያበጠ ባትሪ፣ ሲም ካርድ የተነቀለበት ፕላስቲክ የተከመረባት። ለዒድ ቤት ሲጸዳ እሷም ትገለበጣለች፤ ያለው ሁሉ ከድንች ልጣጭ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባና ወደ እኛ ይመጣል። ዘንድሮ እንዲህ አድርጉልን። የሚሠራውን ለሚፈልግ ስጡ፤ የማይሠራውን ለጠጋኝ ወይም ለቆራሌው ለብቻው ስጡት፤ ሳንቲሙንም ተቀበሉ፣ ነውር የለውም። ከስልኩ የወጣ ባትሪ ካለ ጫፍና ጫፉ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት። አንድ ደረቅ ሃይላንድ አፉን ቆርጣችሁ እዚያ ውስጥ አጠራቅሙት፤ ያበጠውን ግን ለብቻው፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡ። አትብሱት፣ አታቃጥሉት፣ ልጅ እንዲጫወትበትም አትስጡ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበር ሴቶች ጋሪ እየገፉ በር ላይ ሲመጡ ሃይላንዱን በእጃቸው ስጡና «ይሄ ባትሪ ነው» በሏቸው። ሦስት ቃል ናት። እነሱ የት እንደሚያኖሩት ያውቃሉ፤ ቢያንስ እጃቸውን የት እንደማይከቱ ያውቃሉ።

የሪሞትና የሰዓት ድንጋይም እንዲሁ ነው። በእርግጥ የእሱ ሥርዓት በየቤቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ይመታል፣ ቀጥሎ ቦታ ይቀያየራል፣ ከዚያ ይነከሳል፣ በመጨረሻ መስኮት ላይ ፀሐይ ይሞቃል። በጾም ሰዓት የመንከሱን ነገር እንኳ ለማታ አቆዩት፤ ውስጡ ያለው አይቀመስም፣ ጥርስም ይጎዳል። ሁለት ቀን ፀሐይ ሞቆ ካልተነሣ ግን ወደ ሃይላንዱ።